ከአስፋልቱ ሥር ያለው የውሃ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ የሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ደጀን ላይ ደጋውን ይወጣና ሉማሜን አልፎ አምበር ይደርሳል። አምበር የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ቀጣዩ ትልቅ ከተማ ደብረ ማርቆስ ነው። ከዚህ መንገድ በስተ ሰሜን ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ አለ። በስተ ደቡብ ምድሩ እየተቆራረጠ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጨሞጋ፣ የዳ፣ ሙጋ፣ ሱሃ መነሻቸው ጮቄ፣ መድረሻቸው ዓባይ ነው። በእነዚህ ወንዞች መካከል ደግሞ በበጋ ደርቀው የሚከርሙ፣ ሐምሌ ሲገባ ግን የሚያጓሩ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጅረቶችና ፈፋዎች አሉ። አውራ ጎዳናው በብዙ ቦታ ይህን ቁልቁለት አግድም ይቆርጠዋል። ስለዚህ በዚህ አገር መንገድ የሠራ ሁሉ ውሃውን በየት በኩል ላሳልፈው የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነበረበት።

ትልቁን ወንዝ ድልድይ ያሻግረዋል። ትንሹን ጅረትና ከመንገድ ዳር ቦይ የሚሰበሰበውን ጎርፍ ደግሞ ከመንገዱ ሥር የተቀበረ የአርማታ ቱቦ፣ የድንጋይ ቅስት ወይም ባለ አራት ማዕዘን የአርማታ ሣጥን ያሳልፈዋል። የመንገድ ሰዎች ካልቨርት ይሉታል፤ መንገደኛው ደግሞ በደፈናው ቱቦ ይለዋል። የድልድይ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕል፣ በምረቃ ሐውልትና በፎቶግራፍ ተጽፎ ይገኛል። የካልቨርት ታሪክ ግን የተጻፈው በጥገና ማኅደርና በጎርፍ ትዝታ ውስጥ ነው። ሆኖም በክረምት መንገድ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ማሳለፊያ ሲደፈን ስለሆነ፣ ይህ ታሪክ ተራ በተራ ሊነገር ይገባዋል።

ክረምት መንገድ የሚዘጋበት ዘመን

በ19ኛው መቶ ዓመት የዛሬው ምሥራቅ ጎጃም የንግድ እምብርት ባሶ ነበር፤ ዛሬ የጁቤ የምትገኝበት አካባቢ ማለት ነው። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፣ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጨው ጋር እዚያ ይገበያይ ነበር። በዚያው ገበያ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥ ነበር። የነጋዴው ጉዞ ግን በወቅት የተገደበ ነበር። ሰኔ ሲጋመስ ዓባይ መሙላት ይጀምራል፤ ገባሮቹም ይከተላሉ፤ መረሬው አፈር ውሃ ጠጥቶ ያብጥና የጋማ ከብት እግር ይይዛል። ያን ጊዜ ሲራራው ባለበት ይከርማል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል ጉዞው እንደገና ይጀመራል።

ያ ዘመን ድልድይ አልነበረውም ማለት አይደለም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች አላታ ላይ የድንጋይ ድልድይ ተሠርቷል። በዚያው ዘመን ኖራ ለግንባታ መዋል መጀመሩ ቅስት ለመገንባት ረድቷል። ከዚያ በኋላም ሰባራ ድልድይ የሚባለው በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር አገናኝቷል። ጎጃም ውስጥ በአውሮፓዊ መሐንዲስ ከተሠሩት አንዱ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የተምጫ ድልድይ ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ኢጣሊያዊውን ካውንት አውጉስቶ ሳሊምቤኒን አስመጥተው በ1876 እና በ1877 ዓ.ም. አካባቢ አሠሩት።

እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለታላላቅ ወንዞች ነው። ለትንሽ ፈፋ ድልድይ ያሠራ ንጉሥ አልነበረም፤ አያስፈልግም ነበርና። በእግርና በበቅሎ የሚሄድ ሰው ጅረቱን በድንጋይ ላይ ዘሎ ወይም ውሃው እስኪጎድል ጥቂት ሰዓት ጠብቆ ይሻገራል። መንገዱ ራሱ የእግር ዱካ ስለሆነ ውሃው ላዩ ላይ ቢያልፍም የሚያፈርሰው ነገር የለውም። ካልቨርት የግድ የሆነው ጎማ ሲመጣ ነው። መኪና ከፍ ያለ ሙሌት፣ የተስተካከለ ተዳፋትና ከዳር ከዳር የተቆፈረ ቦይ ይፈልጋል። ሙሌቱ በጅረቱ ላይ ሲዘረጋ ደግሞ የውሃ ግድብ ይሆናል። ግድብ እንዳይሆን ከሥሩ መቅደድ ያስፈልጋል።

ጎማ ሲመጣ

የኢጣሊያ ፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን ያዘ። ወራሪው አገሩን በቁጥጥሩ ሥር ለማቆየት ወታደርና ስንቅ የሚያመላልስበት መንገድ ያስፈልገው ስለነበር፣ በአምስቱ ዓመት ውስጥ በኢትዮጵያ ምድር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መንገድ ሠርቷል። በየመንገዱ ሥርም በጥርብ ድንጋይ የተገነቡ ቅስት ማሳለፊያዎች ተቀብረዋል። ብዙዎቹ ድንጋያቸው በጥንቃቄ የተጠረበ ነው፤ በተለያዩ የአገራችን አሮጌ መንገዶች ላይ ዛሬም ውሃ ሲያሳልፉ ይታያሉ።

ጎጃም ግን ለዚያ ጦር ጸጥ ብሎ አላደረለትም። በላይ ዘለቀ በቢቸና በኩል፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው ሲዋጉ፣ መንገዱ የወራሪው ስንቅ ማመላለሻ በመሆኑ ዋነኛ ዒላማቸው ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በጎጃም በኩል ተመልሰው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ፣ በኮሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጠላት ጦር ወደ ዓባይ አፈግፍጎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። አገሪቱ ነፃነቷን ስታስመልስ በጦርነት የተጎዳና ጠባቂ የሌለው የመንገድ መረብ ወረሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ዛሬም ሊጤን የሚገባ ትምህርት አላቸው። መንገዱን የበላው ጦርነት ብቻ አልነበረም፤ አሥር ክረምት ያለ በቂ ጥገና ማለፉም በላው። ቦይ በደለል ይሞላል፤ የካልቨርት አፍ በቅጠልና በድንጋይ ይደፈናል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ በአስፋልቱ ላይ ይሻገራል ወይም ሙሌቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ጦርነት ያልነካቸው የመንገድ ክፍሎችም በዚህ ዓይነት ፈራርሰዋል።

«አውራ ጎዳና»

መንግሥት ለዚህ ችግር የሰጠው መልስ ከዓለም ባንክ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ባንኩ በመስከረም 1943 ዓ.ም. ለአፍሪካ የመጀመሪያ የሆነውን ብድር ለኢትዮጵያ ሰጠ። ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ እድሳት የተመደበ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ሥራውን ከመምራት ጋር ኢትዮጵያውያንን ያሠለጥኑ ጀመር። ባለሥልጣኑ የተረከበው መንገድ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ሕዝቡ መሥሪያ ቤቱን «አውራ ጎዳና» ብሎ ጠራው። ስሙ በተለያዩ ዓመታት በሌላ ቢተካም አነጋገሩ በሽማግሌዎች አፍ እስከ ዛሬ አለ። አውራ ጎዳና ይዞት የመጣው ትልቁ ነገር ግሬደርና ዶዘር ብቻ አልነበረም፤ ጥገና የዓመት ሙሉ ሥራ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበር። መንገዱ በዲስትሪክት ተከፋፈለ፤ ደብረ ማርቆስም ከዲስትሪክቶቹ መቀመጫዎች አንዱ ሆነ። በየመንገዱ ዳር የጥገና ካምፕ ተተከለ። ፎርማኑና የቀን ሠራተኞቹ አካፋ፣ ዶማና ጋሪ ይዘው ለእነሱ በተመደበው ርቀት ላይ ቦይ ይጠርጋሉ፣ ሣር ያጭዳሉ፣ ቱቦ ያጸዳሉ። በፋብሪካ ተጣጥፎ የሚመጣው የቆርቆሮ ቱቦ፣ በአምራቹ ስም አርምኮ የሚባለው፣ በጥርብ ድንጋይ ለመሥራት ወራት የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ቀን ስላስጨረሰ በብዙ ቦታ ተቀበረ። ጉድለቱ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ወለሉን ዝገት ይበላዋል፤ ውሃውም በተበላው በኩል እየገባ ከሥሩ ያለውን አፈር ይወስዳል።

የካምፕ ሥርዓት ትልቁ ጥቅሙ ዕውቀቱ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ብዙ ክረምት የሠራ ፎርማን የትኛው ቱቦ ቶሎ እንደሚደፈን፣ የትኛው ፈፋ ድንጋይ እንደሚያመጣ፣ ውሃው ባለፈው ዓመት እስከ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በወረቀት ላይ ስላልሰፈረ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይሄዳል።

የስድስት ሜትር መስመር

ፍተሻን በመዝገብ የማሰር ነገር ሲነሳ የሚጠቀስ አንድ የውጭ አገር አደጋ አለ። በታኅሣሥ 1960 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የተዘረጋው ሲልቨር ብሪጅ የተባለ ድልድይ በመኪና እንደተጨናነቀ ተደርምሶ 46 ሰው ሞተ። ምክንያቱ በአንዲት የብረት ማያያዣ ውስጥ ያልታየ ስንጥቅ ነበር። ከዚህ አደጋ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 ድልድይ በመደበኛነት ተመዝግቦ እንዲመረመር የሚያስገድድ ብሔራዊ ደንብ ወጣ። ደንቡ የሚመለከተው ግን ርዝመቱ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከስድስት ሜትር ገደማ የሚበልጠውን ነው። ከዚያ ያነሰው ለየክፍለ ግዛቱ ትጋት ተተወ።

የእኛም የመንገድ ማኑዋል ድልድይንና ካልቨርትን የሚለያቸው በዚሁ በስድስት ሜትር ገደማ መስመር ነው። መስመሩ ለንድፍ ሥራ ይጠቅማል፤ ለፍተሻ ሲሆን ግን አደጋ አለው። ከመስመሩ በላይ ያለው ስም፣ ቁጥርና ማኅደር ያገኛል፤ መሐንዲስ በየጊዜው ይመለከተዋል። ከመስመሩ በታች ያለው በብዛት ስለሚበልጥ ለመመዝገብ ያዳግታል፤ ስለማይታይም ይረሳል።

አሜሪካኖቹ ይህን ክፍተት በሰው ሕይወት ከፍለውበታል። ሰኔ 21 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ሲድኒ በተባለች ከተማ አቅራቢያ ከባድ ዝናብ ዘንቦ፣ ከኢንተርስቴት 88 አውራ ጎዳና ሥር የነበረውን ካልቨርት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። መንገዱ ተቆርጦ ገደል ሆነ፤ ሁለት የጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ገብተውበት ሞቱ። ሀብታም አገር፣ ሰፊ መንገድ፣ በቂ መሐንዲስ እያለ የሆነ ነው። ውሃ የመንገዱን ደረጃ አይጠይቅም።

ቱቦው የሚተፋው ውሃ የት ይሄዳል?

እስከዚህ ድረስ የካልቨርት ጥያቄ ውሃው መንገዱን እንዳያፈርስ የሚል ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ጥያቄ፣ መንገዱ አገሩን እንዳያፈርስ የሚለውን፣ ወደ ፊት ያመጡት የአፈር ተመራማሪዎች ናቸው። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከምርምር ጣቢያዎቹ አንዱ በ1976 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ በደምበጫ አቅራቢያ አንጀኒ ላይ ተከፈተ። ምንጨት የተባለውን ጅረት የሚመግብ 113 ሄክታር ተፋሰስ ተከልሎ፣ የዘነበው ዝናብና በጅረቱ የሚወርደው ውሃና አፈር በየዕለቱ ይለካ ጀመር። የዓመቱ ዝናብ በአማካይ ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። የጎጃም ደጋ በአንድ ክረምት ምን ያህል አፈር እንደሚያጣ በዚህ ዓይነት በቁጥር ታወቀ።

መንገድ በዚህ ላይ ምን እንደሚጨምር በግልጽ የታየው ግን በትግራይ ነው። የመቀሌ–አድዋ መንገድ በ1980ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ፣ በያን ኒሰን የሚመራ የቤልጂየምና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ቡድን መንገዱን ተከትሎ እየተጓዘ አዳዲስ ቦረቦሮችን መዘገበ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመ። ከመንገዱ በፊት በብዙ ትንንሽ ፈፋዎች ተበታትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ የመንገዱ ቦይ ሰብስቦ በአንድ ካልቨርት በኩል ይለቀዋል። የተሰበሰበው ውሃ ጉልበት ስላለው ከካልቨርቱ መውጫ በታች ያለውን ማሳ ይቆርጠዋል፤ ቦረቦሩም በየዓመቱ እየሰፋ ይወርዳል።

በአምበር ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። የጤፍ ማሳው ከቱቦ መውጫ በታች የሆነ ሰው መንገዱ ከመታደሱ በፊት የነበረውንና ከታደሰ በኋላ የመጣውን ውሃ ለይቶ ያውቃል። በመረሬ መሬት ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። መረሬ በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የመጀመሪያው ጎርፍ በስንጥቁ ገብቶ መሬቱን ከውስጥ ይገዘግዘዋል። ያው አፈር ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኮማተር የካልቨርቱን ግንብ ያነቃንቀዋል፤ የቱቦዎቹንም መገጣጠሚያ ያላቅቃል።

መንገዱ ሲበዛ

በ1989 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድነት መጡ። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ተጀመረ፤ የመንገድ ፈንድም በአዋጅ ተቋቋመ። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። ፈንዱ ገንዘቡን በዋናነት የሚያገኘው በነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ሲሆን፣ የተቋቋመው ለአዲስ ግንባታ ሳይሆን ለጥገና ነው። ክፍፍሉ 70 ከመቶ ለፌደራሉ የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ 20 ከመቶ ለክልሎች፣ 10 ከመቶ ለከተሞች የሚል ነበር። በዚህ አሠራር መሠረት ነዳጅ የሚቀዳ አሽከርካሪ ሁሉ ለቦይ ጠረጋና ለቱቦ ጽዳት ይከፍላል። ስለዚህ የተደፈነ ቱቦ ያየ ዜጋ ለምን አልተጸዳም ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው መብቱን ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄደው መንገድ በጃፓን መንግሥት እርዳታ በየምዕራፉ ታደሰ። በዓባይ ላይ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ጳጉሜን 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ በሚሌኒየሙ ዓመት የመጨረሻ ቀን ተመረቀ። በበረሃው ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተተውን መሬት ለመግታት የተሠራው ሥራ ዋና ክፍልም ውሃን መምራት ነበር፤ የመሬቱ መንሸራተት ትልቁ ምክንያት በውስጡ የሚሰርገው ውሃ ነውና።

በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት የታቀደው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀመረ። በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ መንገድ ከ110,000 ኪሎ ሜትር አለፈ። ነፍሰ ጡር እናት ጤና ጣቢያ የምትደርስበት፣ ገበሬ ማዳበሪያ የሚያገኝበት መንገድ ነውና ትልቅ ሥራ ነው። ግን እያንዳንዱ አዲስ ኪሎ ሜትር የየራሱን ቱቦዎች ይዞ መጣ። የገጠሩ መንገድ ጠባቂ የክልሉና የወረዳው የመንገድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የጥገና በጀቱ ከፌደራሉ ጋር አይወዳደርም። በአንድ ወረዳ ውስጥ ዋናው አስፋልት የፌደራል፣ የጠጠሩ መንገድ የወረዳ፣ የከተማው ቦይ የማዘጋጃ ቤት ይሆናል። ውሃው ግን ሦስቱንም በአንድ ዝናብ ያቋርጣል። ከተማው ያልጠረገው ፌስታልና የውሃ መያዣ ፕላስቲክ በፌደራሉ ቱቦ ውስጥ ይወተፋል፤ ከፌደራሉ ቱቦ የወጣው ውሃ የወረዳውን መንገድ ይቆርጣል።

በዚህ መሐል ተስፋ የሚሰጥ ሥራም ተጀምሯል። የመንገድን ውሃ ለልማት የማዋል አሠራር በ2006 ዓ.ም. አካባቢ ከትግራይ ተነስቶ በተከታዩ ዓመት ወደ አማራ ክልል ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከካልቨርት የሚወጣውን ውሃ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ፣ ወደ ግጦሽ መሬት ወይም ወደ እርከን መምራት። ሕዝቡ በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በነፃ ጉልበቱ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ ከመንገዱ ቦይ ጋር ከተቀናጀ፣ ማሳ የሚቆርጠው ውሃ ማሳ የሚያጠጣ ይሆናል።

የመሥሪያ ቤቱ ስም በ2014 ዓ.ም. እንደገና ተለውጦ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ጥገና ሰው በሰላም ወጥቶ የሚገባበትን መንገድ ይፈልጋል፤ ዝናቡ ደግሞ ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም።

በግንቦት የሚደረግ ፍተሻ

ከብዙ ዓመት ልምድ የተገኘው ዕውቀት ዛሬ በየማኑዋሉ ሰፍሯል፤ በተግባር ሲታይ ግን የእጅና የዓይን ሥራ ነው። የፍተሻው ዋና ወቅት ግንቦት ነው፤ ቱቦው ደርቆ ሳለ፣ የሰኔ ዝናብ ሳይገባ።

ጥሩ ፈታሽ ከመኪና ወርዶ መጀመሪያ የሚያየው ቱቦውን ሳይሆን አስፋልቱን ነው። ከቱቦው በላይ መንገዱ ጎድጎድ ብሎ ከሆነ ወይም ከዳር እስከ ዳር አግድም የተሰነጠቀ መስመር ካለ፣ ከሥር አፈር እየሄደ መሆኑን ይጠረጥራል። ከዚያ ወደ መግቢያው ይወርዳል። ደለሉ የቱቦውን አፍ ስንት እጅ እንደ ሞላው በሜትር ይለካል፤ ግማሽ ከሞላ ክረምቱን የመሻገሩ ነገር ያጠራጥራል። በግንቡ ላይ ያለፈው ዓመት ጎርፍ ትቶት የሄደውን የጭቃና የገለባ መስመር ይፈልጋል፤ መስመሩ ከቱቦው አናት በላይ ከሆነ ውሃው ባለፈው ክረምት ተኝቶ ነበር ማለት ነው፤ ቱቦው ይጠበዋል ወይም ተደፍኖ ነበር። በቱቦው አፍ ግራና ቀኝ የቆመው ክንፍ ግንብ ከዋናው ግንብ ተላቆ እንደሆነ በስንጥቁ ጣቱን ያስገባል። አርማታውን በመዶሻ ይመታዋል፤ ጠንካራው ይጮኻል፤ ውስጡ የተለያየው ድምፁ ይታፈናል።

በባትሪ ወደ ውስጥ ሲያበራ የሚፈልገው መገጣጠሚያዎቹን ነው። በተላቀቀ መገጣጠሚያ በኩል የገባ አፈር በቱቦው ወለል ላይ ትንሽ ቁልል ሠርቶ ይታያል። ያቺ ቁልል የወጣችበት ቦታ ከአስፋልቱ ሥር ባዶ ሆኗል። መንገደኛው የሚያየው አስፋልት ግን ደህና ነው፤ ማዳበሪያ የጫነ ሲኖትራክ እስኪያልፍበት ድረስ። ወደ ቱቦው መግባት ካስፈለገ ብቻውን አይገባም፤ አየሩ የታፈነ፣ እባብም የተጠለለ ሊሆን ይችላልና ጓደኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የመጨረሻው መውጫው ነው፤ ብዙ ፈታሽ የሚዘልለውም ይህንኑ ነው። ውሃው የሚወድቅበት የድንጋይ ንጣፍ ሥሩ ተቦርቡሮ አየር ላይ ከተንጠለጠለ፣ በሚቀጥሉት ክረምቶች ግንቡን ይዞት ይወርዳል። ከዚያም ፈታሹ ከመንገዱ ክልል ወጥቶ ቁልቁል ጥቂት መሄድ አለበት፤ ቦረቦሩ ካለፈው ዓመት ስንት እንደ ጨመረ የሚታወቀው እዚያ ነው። መፍትሔው አንዳንዴ ጥቂት ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሰረ ድንጋይ)፣ አንዳንዴ ውሃውን የሚከፋፍል ተጨማሪ ቱቦ ነው። ዛሬ በሸክም ድንጋይ የሚገታው ቦረቦር ከአምስት ዓመት በኋላ በድልድይ ዋጋ አይገታም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ሜትር፣ መዶሻ፣ ባትሪ፣ ስልክና ደብተር ነው። ዛሬ ስልክ የያዘ የወረዳ ባለሙያ የእያንዳንዱን ካልቨርት ቦታ፣ ፎቶና ሁኔታ መዝግቦ የሚቀጥለው ዓመት ፎቶ አጠገቡ ሊያስቀምጥ ይችላል። የአውራ ጎዳና ፎርማን በጭንቅላቱ ይዞት ጡረታ የወጣው ዕውቀት በዚህ መንገድ ለተተኪው ይተርፋል።

ከተምጫ እስከ ዓባይ አዲስ ድልድይ ባለው 125 ዓመት ገደማ ውስጥ መሥራትን ተምረናል። ቀሪው ትምህርት መጠበቅ ነው። የአነደድ ወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤት፣ የአምበር ማዘጋጃ ቤትና የደብረ ማርቆስ የመንገድ ባለሙያዎች በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ቀን በአንድነት መንገዱን ቢሄዱበት፣ ከስድስት ሜትር በታች ያለው ሁሉ ቁጥር ተሰጥቶት በአንድ መዝገብ ቢሰፍር፣ ከመውጫው በታች ያለው ገበሬም ምስክርነቱ ቢጠየቅ፣ ለአዲስ ግንባታ የሚወጣው ብዙ ገንዘብ በተረፈ ነበር። አንባቢም ድርሻ አለው። በሰፈርህ ያለውን ቱቦ ዝናብ ሳይመጣ ጎንበስ ብለህ እየው፤ ቆሻሻ አትጣልበት፤ ተደፍኖ ካገኘኸው ለቀበሌው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ወይም ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ አመልክት፤ እስኪጸዳም ድረስ ጠይቅ።